ጋሼ እንድሪስ ካውቦይ «አፉ በይኝ» ያሉኝ ቀን

የበደላችሁት ሰው፣ መበደሉን ሳያውቅ፣ ያላችሁበት ድረስ መጥቶ እናንተኑ ይቅርታ ጠይቋችሁ ያውቃል? ዓይን ዓይናችሁን እያየ «አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ» ብሏችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። የሚብሰው ደግሞ ይቅርታውን መስጠቴ ነው። እኔ፣ አጥፊዋ፣ ተበዳዩን ማርኩ።

ይህን ነገር ሙሉውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህችን አልፌያታለሁ። ኮምቦልቻ አንድ ቤት ውስጥ ለተቀመጡ ሰዎች ግማሹን ተናግሬያለሁ፤ ግማሹን እዚያም ዋጥኩት። ዛሬ የምጽፈው በተለይ ያንን የዋጥኩትን ነው። አስተማሪ ነኝ፤ ደሴ፣ ሆጤ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ነገር በቅደም ተከተል ካልሄደ ለራሴም አይገባኝምና ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጋሼ እንድሪስ ማን እንደሆኑ ላስረዳ። ዕድሜው የገፋ የወሎ ሰው ካጠገባችሁ ካለ ጠይቁት፤ «ካውቦዩ?» ብሎ ይስቃል። የከብት ነጋዴ ልጅ ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከባቲ ገበያ የተገዛ በሬ እየነዱ ወደ ኮምቦልቻ ይመጡ ነበር። መንገዱ ቆላ ነው፤ ፀሐዩ ይጠብሳል። በሬ ዝም ብለው ሲነዱት ይለግማል፣ ሲዘፍኑለት ግን ይሄዳል ይላሉ፤ እናም ይዘፍኑለት ነበር። ጎረምሳ ሲሆኑ አንድ ቀን ደሴ ወጥተው ሲኒማ ገቡ። ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ሰፊ ባርኔጣ አድርጎ፣ ከብት እየነዳ የሚዘፍን ፈረንጅ አዩ። ሲወጡ ለጓደኞቻቸው ያሉት እስከ ዛሬ ኮምቦልቻ ይወራል፤ «ይሄ ሰውዬ የኔን ሥራ ነው የሚሠራው። ልዩነታችን ባርኔጣ ብቻ ነው።»

ከሳልባጅ ተራ ባርኔጣ ገዙ። ፈረስ አልነበራቸውም። ሠርግ ላይ ሲዘፍኑ ጎረምሶች «ካውቦይ፣ ፈረስህስ?» እያሉ ያበሽቋቸዋል፤ እሳቸው «በሬዎቹ ሲሸጡ» ብለው ዘፈናቸውን ይቀጥላሉ። ከበሮም አልነበራቸውም። አንድ ጓደኛቸው ክራር ይመታል፤ እሳቸው ጅራፍ ይዘው ይቆማሉ፤ ስንኙ ሲያልቅ ጅራፉን አየር ላይ ያስጮኹታል። በባቲ ቅኝት መሀል የጅራፍ ጩኸት አስቡት። እንዲህ የሚዘፍን ሌላ ሰው እኔ አልሰማሁም።

የመጀመሪያ ዘፈኖቻቸውን የቀዱት ኮምቦልቻ፣ አንድ ሆቴል ጓሮ፣ በአንድ ተራ ቴፕ ነው። ያን ቀን የሚነዱት ከብት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበርና በዘፈኑ መሀል አንዱ በሬ ሲያገሳ ይሰማል። ያቺ ካሴት ከቴፕ ወደ ቴፕ እየተገለበጠች የጭነት መኪና ሾፌሮች ሁሉ ይዘዋት ዞሩ። ዝናው ሲሰማ አዲስ አበባ ወሰዷቸውና ደንበኛ ካሴት አሳተሙላቸው። እዚያ ግን በክራሩ ፈንታ ኪቦርድ ገባ። ጅራፉ ማይክ ይሰብራል ተባለና ተከለከለ። ባርኔጣው ለሽፋኑ ፎቶግራፍ ብቻ ተፈቀደ። ካሴቱ ብዙም አልተሸጠም፤ እሳቸውም ወደ ከብታቸው ተመለሱ። ስለዚህ እውነተኛው እንድሪስ ካውቦይ የነበሩት በመጀመሪያዋ ካሴት ላይ ነው። የሾፌሮቹ ግልባጭ ሁሉ በቴፕ ተበልቶ፣ በፀሐይ ነድዶ አልቋል። የቀረችው እናቲቱ ካሴት ነበረች፤ እሷም እሳቸው ቤት፣ ሳጥን ውስጥ።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ።

ኮሌጅ ጨርሼ ምደባ እየጠበቅኩ እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ፣ አንድ ሙዚቃ ቤት እሠራ ነበር። ሥራዬ ሚሞሪና ፍላሽ ላይ ዘፈን መጫን ነው። ከዚያ ሌላ የዱሮ መኪና የሚነዱ ሾፌሮች ካሴት ያመጡልኛል፤ አዳዲስ ዘፈን ከኮምፒውተር እቀዳላቸዋለሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ፣ ጥፋቱ ያለው እዚህ ነውና። ካሴት ከላይ በኩል ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት። ጥርሶቹ ከተሰበሩ ቀዳዳ ይሆናሉ፤ ቀዳዳ ከሆኑ ቴፑ እላዩ ላይ አይቀዳም። ሰው የሚወደውን ካሴት እንዳይጠፋበት ጥርሱን የሚሰብረው ለዚህ ነው። የሾፌሮቹ ካሴት ሁሉ ጥርሱ የተሰበረ ነበር። እኔ ቀዳዳውን በነጭ ፕላስተር እደፍናለሁ፣ ቀዩን ቁልፍና የማጫወቻውን ቁልፍ አብሬ እጫናለሁ፣ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይቀዳል። ይህን በቀን በቀን ስለማደርገው እጄ ከእኔ ቀድሞ ያውቀዋል።

ጋሼ እንድሪስ የመጡት አንድ ጠዋት ነው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡና ካሴቷን ከነጠላ ቁራጭ ፈትተው መስታወቱ ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ይቺ እኔ ነኝ» አሉኝ። «ፍላሽ ላይ አርጊኝ።»

ሳቅሁ። የመጀመሪያው ዘፈን የባለቤታቸው የእትዬ ዘሀራ እንደሆነ ነገሩኝ። ቢስቲማ ከተማ ልጃገረድ ሆና ሳለች፣ አባቷ እንዳይሰማ፣ ለበሬ የሚዘፍኑ አስመስለው የላኩባት መልእክት ነው። እሷ ካረጀች ወዲህ አልሰማችውም፤ ቴፓቸው ተበላሽቷል፤ በልጃቸው ስልክ ሊያሰሟት ፈልገዋል። ሐጅ የመሄድ ሐሳብ አላቸው፤ ያን ጊዜ ዘፈን ይተዋሉ፤ ከዚያ በፊት አንዴ አብረው ቁጭ ብለው ሊሰሙት ነው። ገበያ ደርሰው እስኪመለሱ እንድጨርስላቸው ጠይቀው ወጡ።

ካሴቷን ከፍቼ የመጀመሪያውን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ሁለት ስንኝ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ፤

ሂድ ቦራ፣ ሂድ ቦራ፣ ባቲ ገበያ አለ፤
እኔስ ልቤ ቀርቷል፣ ቢስቲማ እንደዋለ።

ከዚያ ጅራፉ ጮኸ። ብቻዬን ቆሜ ደነገጥኩ። ካሴቷን ወደ መጀመሪያዋ መለስኩ። ዳር ዳሯ ተሰንጥቃ ስለነበር አውጥቼ ስንጥቁን በፕላስተር አሰርኩ፤ ሥርዓት እወዳለሁ፤ ስንጥቁን ካሰርኩ በኋላ እጄ አላቆመም፣ ቀዳዳዎቹንም ደፈነ። ካሴቷን መልሼ አስገባሁ። አንዲት ደንበኛ ስልኳ ለምን ዘፈን እንደማያነብ ጠየቀችኝ። ማስረዳት ስለምወድ ፊቴን ወደ እሷ አዞርኩ። እያስረዳሁ፣ ሳላይ፣ ሁለቱን ቁልፎች አብሬ ተጫንኩ።

ለሾፌሮቹ እንደማደርገው። ቀዩንም።

ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ነበርና በጋሼ እንድሪስ ድምፅ ላይ የተቀዳው ዝምታ ነው። ልጅቷን ሸኝቼ፣ ሌሎች አስተናግጄ፣ ካሴቱ አልቆ ቁልፉ ቀጭ ብሎ ሲነሳ ነው ዘወር ያልኩት። ቀዩ ቁልፍም አብሮ ተነሳ። መለስኩት፣ አጫወትኩት፤ ሽሽሽ ይላል። ገለበጥኩት፤ ሌላው ገፅ ድሮውንም ያልተቀዳበት ነው። እንደገና መለስኩት። ድምፁ አንዴ ከጠፋ እንደማይመለስ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ሆኜ ሳለሁ እንደገና፣ እንደገና መለስኩት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በእነዚህ እጆቼ።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው። ስህተት ማንም ይሠራል። ኑዛዜዬ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ጋሼ እንድሪስ ተመለሱ። «አለቅሁ?» አሉኝ እየሳቁ። እኔም ካሴቱ ባዶ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሰው ቀድቶበታል አልኩ። አላመኑም፤ ጥርሱን ራሴ ሰብሬዋለሁ አሉ። ያኔ ካሴቷን አንስቼ ፕላስተሩን አሳየኋቸው። «አዩ ጋሼ፣ ጥርሱ ቢሰበርም ቀዳዳው ከተደፈነ ይቀዳል» ብዬ በሚገባ አስረዳኋቸው። ሌላ ካሴት አምጥቼ አነጻጸርኩ። በጣቴ እያሳየሁ፣ ቀስ እያልኩ። ራሴ የለጠፍኩትን ፕላስተር ለማስረጃ አቀረብኩት።

አገላብጠው አዩት። «ይሄ ፕላስተር አልነበረም» እስኪሉኝ ጠበቅሁ፤ አላሉም። ካሴቷ ስንት ዘመን ሳጥን ውስጥ ስለከረመች አላስታወሱም። ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣

«ፕላስተር... ፕላስተርማ ዘሀራ ናት የምትለጥፈው» አሉ።

እትዬ ዘሀራ መንዙማ እንደሚወዱ፣ አሮጌ ካሴት ሲያገኙ ቀዳዳውን ደፍነው መንዙማ ይቀዱበት እንደነበር ነገሩኝ። ግን መንዙማውስ የታል ብለው ግራ ተጋቡ። እኔ ያኔ ምን አደረግሁ? ዝም ብል እንኳ ይሻል አልነበረም? «ማይኩ ሳይሰካ ከተቀዳ ዝምታ ነው የሚቀዳው» አልኳቸው። ሐሰቱን ጀምሬው ነበር፤ ሰው ስም ላይ ሲያርፍ አየሁት፤ ጨረስኩት። የጎደለውን ሞላሁ። አንዲት አይቻቸው የማላውቅ ሴት ላይ በሩን ዘጋሁባቸው።

ጋሼ እንድሪስ ካሴቷን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ባርኔጣቸውን ሲያደርጉ እንዲህ አሉኝ፤

«አንቺ ልጅ፣ ስታስረጂ ታምሪያለሽ። አስተማሪ ይወጣሻል።»

ምደባዬ ደረሰ፤ አስተማሪ ወጣኝ። ዓመታት ሄዱ። ሙዚቃ ቤቱም ተዘግቶ የልብስ መሸጫ ሆነ። ስለ ማግኔት በማስተምርበት ሳምንት ብቻ ነገሩ ትዝ ይለኝና ቶሎ ወደ ሚቀጥለው ርዕስ አልፋለሁ። የአንድ ሽማግሌ ካሴት ነው፣ አዝነው ረስተውታል እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

አምና አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ዘበኛው ሰው ይፈልግሻል አለኝ። ስወጣ ጋሼ እንድሪስ በሩ ላይ ቆመዋል። ባርኔጣው የለም፤ ነጭ ቆብ አድርገዋል። ደረሱብኝ አልኩ።

«አስተማሪ ይወጣሻል አላልኩሽም?» አሉ። ከፒያሳ ጀምረው እየጠየቁ እንዳገኙኝ ነገሩኝ። ሐጅ ሊሄዱ ነው።

«አፉ በይኝ፣ ልጄ» አሉ።

ከወሎ ውጭ ላላችሁ ላስረዳ። አፉ ማለት ይቅርታ ነው። ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት የበደለውን እየዞረ አፉ ይጠይቃል። ከፈጣሪ ጋር ያለውን ፈጣሪ ያየዋል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለሐቁ በአፉ ካልለቀቀው አይለቅም። በተለይ ሐሜት። ያማኸውን ሰው ፈልገህ፣ ይህን ይህን ብዬሃለሁ ብለህ፣ አፉ ማስባል አለብህ።

እኔን አምተውኛል። ያኔ ካሴቷን ይዘው ቤት ሲገቡ እትዬ ዘሀራ «ያቺ የሱቅ ልጅ ናት ያጠፋችው» አሏቸው። እሳቸውም ተናደው ለጎረቤት፣ ለገበያተኛ፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገባቸው ለተቀመጠ ሁሉ አወሩ። «አንዲት የፒያሳ ልጅ ድምፄን በላችው፣ ዋሸችኝም» አሉ። ሰነበቱና ማብራሪያዬ ትዝ አላቸው።

«እንዲህ አጥርታ የምታስረዳ ልጅ አትዋሽም አልኩ» አሉኝ። «በንጹሕ ሰው ተናግሬያለሁ። ይሄን ተሸክሜ አላህ ቤት አልሄድም።»

ያሙኝ በእውነት ነው። እያንዳንዷ ቃል እውነት ነበረች። በእውነቱ ተጸጽተው፣ የሐረጎን ዳገት ወጥተው፣ አስፓልት ለአስፓልት ጠይቀው፣ እኔን ይቅርታ ሊጠይቁ መጥተው ከፊቴ ቆመዋል። አፌን ከፈትኩ። «እኔ ነኝ» ሊል ነበር የተከፈተው። ወጥቶ የሰማሁት ግን ሌላ ነው።

«አፉ ብያለሁ፣ ጋሼ።»

ከዚህ በላይ የሚያስደነግጥ የለም ብዬ ነበር። ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቅኳቸው። ቢስቲማ አሉኝ። ዘሀራ እዚያ ወንድሟ ቤት ናት። ለምን ብዬ ጠየቅሁ፣ ላለመጠየቅ እየፈለግሁ።

በካሴቷ ነገር ተጣሉ። እትዬ ዘሀራ ወላሂ ብለው ማሉ፤ ጋሼ እንድሪስ መሐላቸውን አልቀበልም አሉ። ለሷ የዘፈንኩትን ዘፈን አፍራበት አጠፋችው፣ ጅራፉና ባርኔጣው ውርደት ሆነባት ብለው ክፉ ቃል ተናገሩ። ኩርፊያው ሰፋ። እትዬ ዘሀራ የታመመ ወንድማቸውን ሊጠይቁ ቢስቲማ ሄዱ፤ ወንድምየው ዳነ፣ እሳቸው ግን አልተመለሱም። ልጆቻቸውን ድረው፣ አብረው አርጅተው፣ በአንዲት ካሴት ለሁለት ተከፈሉ። በካሴት? በእኔ እንጂ።

«ካሴቷን አፉ ብየሻለሁ እላታለሁ» አሉ ጋሼ እንድሪስ። «ክፉ ቃሌን ደሞ እሷ አፉ ትበለኝ። አብሽሪ፣ እንታረቃለን።»

ያልሠራችውን ይቅር ሊሏት እየሄዱ ነው። አሁንም መናገር እችል ነበር። ደወል ተደወለ። ተሰናብቻቸው ክፍል ገባሁ፤ አስተማርኩ። ያን ቀን ያስተማርኩት በጣም ጥሩ አድርጌ ነው። ይሄም ሲታወሰኝ ያስደነግጠኛል።

ከሐጅ ሲመለሱ ስልክ አስደወሉልኝ፤ የዘምዘም ውሃ አስቀምጬልሻለሁ፣ ለዘያራ ነይ አሉ። ዘያራ ከሐጅ የተመለሰን ሰው መጠየቅ ነው። አልቀርም ነበር፤ ብቀር ይጠረጥሩኛል ብዬ ነው፣ ለሌላ አይደለም። በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ተምር የሚያዞሩት አንዲት ቀጭን፣ ቀይ ሴት ናቸው። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ትሪውን ዝቅ አድርገው «ጀባ» ብለው ጋበዙኝ። እትዬ ዘሀራ እንደሆኑ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ።

ሐጂ እንድሪስ ለእንግዶቹ አስተዋወቁኝ። ያቺ በሐሜት ያነሳኋት ልጅ ይቺ ናት፣ አፉ ያለችኝ ናት አሉ። ከዚያ በደስታ ቀጠሉ።

«ቢስቲማ ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ ካሴቷን አፉ ብየሻለሁ አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። "አዎ፣ እኔ ነኝ፤ አንተም አፉ በለኝ" አለችኝ። ስንት ዓመት አልቀበልም ያለችው ሴትዮ! ልቤን አጥባ ሰደደችኝ።»

አንዱ እንግዳ «ሐጂ፣ ካሴት ከስረው ሚስት አተረፉ በሉና» አለ፤ ቤቱ ሳቀ። የተምሩ ፍሬ አፌ ውስጥ ቀረ። አልዋጥኩትም፣ አልተፋሁትም። እትዬ ዘሀራን አየኋቸው። ትሪያቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ።

ብዙ ሳልቆይ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ። እስከ በሩ የሸኙኝ እትዬ ዘሀራ ናቸው።

«እትዬ፣ እርስዎ አይደሉም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። እኔ ካልነካሁት የነካው ያንቺ እጅ ነው። ይሄ አስተማሪ ይፈልጋል እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አመኑ?»

«ሰውዬው አላህ ቤት ሊሄድ ተነስቷል። እኔን ቂም ይዞብኝ ይሂድ? ለሱ ብዬ ወሰድኩት። ለማስታረቅ የተባለ ውሸት ነው፤ አላህ ያየዋል።» ሻሻቸውን አስተካከሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። «አንቺስ ልጄ? አንቺ ዝም ያልሽው ለማን ብለሽ ነው?»

ወደ መንገዱ ዘወር አልኩ፤ እግሬ እምቢ አለ። ተመልሼ ገባሁ። በሰው ፊት የተወነጀሉ ሴት ናቸውና በሰው ፊት ተናገርኩ። ካሴቷን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ፕላስተሩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ በእትዬ ዘሀራ ላይ የላከክሁት እኔ ነኝ አልኩ።

ሐጂ እንድሪስ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ።

«ለምን?» አሉኝ።

«ፈርቼ ነው» አልኩ።

አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ እኔ አይደለም የዞሩት፤ በጓዳው በር ወደ ቆሙት ወደ እትዬ ዘሀራ ነው።

«ወላሂሽን መለስኩብሽ» አሉ። «ዘሀራ፣ መሐላሽን መለስኩብሽ።» እትዬ ዘሀራ መጥተው ትሪውን እጃቸው ላይ አስቀመጡላቸውና «ተምሩን አዙር፣ እንግዳ ቁጭ ብሏል» አሏቸው። ያ ሽማግሌ ተምር አዞረ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

«አንቺን ቆይ» አሉኝ ቀስ ብለው። «አሁን አፉ ብልሽ ከአፌ ብቻ ነው የሚወጣው። ቆይ።»

እነሆ እየቆየሁ ነው። እስከ ዛሬ አላሉኝም። አልጠየቅኩምም፤ እሳቸው አንዴ ሐረጎን ለእኔ ወጥተዋል፣ ይበቃል።

አሁን የዋጥኩትን ግማሽ ላውጣው። «ፈርቼ ነው» ያልኩት ውሸት ነው። በዚያ ቤት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እየተናዘዝኩ ሳለሁ ዋሸሁ። ምን የሚያስፈራ ነበረ? የሱቁ ባለቤት አንድ ቀን እንኳ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ጋሼ እንድሪስ ሊመቱኝ አይችሉም። መጀመሪያ ላይ፣ የበሩን መጋረጃ ገልጠው ሲገቡ፣ አዎ፣ ደንግጬ ነበር። ፕላስተሩን አንስቼ ማስረዳት ስጀምር ግን ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ደስ አለኝ። ነገሩ እርስ በርሱ ሲገጥም፣ ያ ትልቅ ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ እንደ ተማሪ ሲከተለኝ፣ ግራ የገባው ዓይኑ ቀስ በቀስ ሲያምነኝ ደስ አለኝ። ስለ ማይኩ የተናገርኩት ማንም አስገድዶኝ አይደለም፤ ማብራሪያዬ ጎዶሎ እንዳይሆን ነው። የአንዲት ሴት ትዳር የፈረሰው የእኔ ዓረፍተ ነገር እንዲያምር ነው። «አስተማሪ ይወጣሻል» ሲሉኝም አላፈርኩም። እውነቱን ልናገር? ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ለእናቴ «ዛሬ አንድ ሰውዬ አስተማሪ ይወጣሻል አለኝ» ብዬ ነገርኳት።

ይህንን ነው ለማንም ያልተናገርኩት። አሁን ስጽፈው እንደ አዲስ ያስደነግጠኛል። ይቺ እኔ ነኝ? እኔ ነኝ።

የጠፋው ተመልሶ አይቀዳም። ሐጂ እንድሪስ ዘፈን ትተዋል፤ ጅራፉም የት እንደገባ አላውቅም። ያንን ዘፈን በዚህ ዓለም ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ይገባው የነበረው ለእትዬ ዘሀራ ነው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። ሐቁ የሁለት ሰዎች ነው፤ የሚለቁኝ እነሱ ናቸው፣ ከፈለጉ።

እናንተን የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። የበደላችሁት ሰው ካለ፣ እሱ መጥቶ «አፉ በሉኝ» ሳይላችሁ ቀድማችሁ ሂዱ። ስትደርሱ ያደረጋችሁትን ባጭሩ ተናገሩ። «ስለፈራሁ» አትበሉ፤ «ምክንያቱም» የምትለዋን ቃል አታስገቡ፤ አታስረዱ። ከባድ ነው። እኔ ይህን ያህል ገጽ ጽፌ እንኳ አሁን ነው የቻልኩት፤

ሐጂ፣ ድምፅዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እትዬ ዘሀራ፣ በእርስዎ ላይ የላከክሁት ደስ ብሎኝ ነው።

እስቲ ሞክሩት።